የጦር አብራሪዎች ለምን ወደ አየር መንገድ ይሄዳሉ?

ጥያቄ፦ የአሜሪካ አየር ኃይል አብራሪዎች ብዙ ወጪ ወጥቶባቸው ከሠለጠኑ በኋላ ወደ አየር መንገዶች የሚሄዱት ለደመወዝ ብቻ ነውን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ደመወዙ በእርግጥ ይስባል፤ አየር ኃይሉም እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ውል ለሚያራዝሙ አብራሪዎች በዓመት እስከ 50,000 ዶላር ማበረታቻ አቅርቧል። በእኔ እምነት ግን ይበልጥ የሚከብደው የጊዜ ጉዳይ ነው። አብራሪው ከሥልጠና በኋላ ያለበትን የ10 ዓመት የአገልግሎት ግዴታ ሲፈጽም በሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ይገኛል፤ በአየር መንገድ ደግሞ የበረራ ምደባ፣ የአውሮፕላን ዓይነትና የካፒቴንነት ዕድገት የሚወሰኑት በቅጥር ቅደም ተከተል ስለሆነ፣ የሥራው ዕድሜም በ65 ዓመት ስለሚያበቃ፣ የዘገየበት እያንዳንዱ ዓመት ተመልሶ አይገኝም። በዚያ ላይ ከቤተሰብ የሚለይ ተደጋጋሚ ግዳጅ አለ፤ ለመብረር የተፈጠረን ሰው በቢሮ ወረቀት ማሰር ደግሞ በእውነት ያሳዝናል። መንገዱም ክፍት ነው፤ ለሲቪል አብራሪ በመደበኛው 1,500 የበረራ ሰዓት ሲጠየቅ፣ ለጦር አብራሪ 750 ይበቃዋል።