ማኅበራችን የትምህርት ቤቱን ድጎማ ማግኘት ይችላል ወይ ለሚለው

ወንድማችን፣ የካሊፎርኒያው የማኅበረሰብ ትምህርት ቤቶች (ከትምህርት ጎን ለተማሪና ለቤተሰብ ሌላ ድጋፍም የሚሰጡ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች) ድጎማ፣ የኢትዮጵያውያን ማኅበራችሁ ለሚያካሂደው የቅዳሜ ማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጥ እንደሆነ ጠይቀዋል። በቀጥታ አይሰጥም። አመልካቾቹ የትምህርት ዲስትሪክቶች፣ የካውንቲ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶችና ቻርተር ትምህርት ቤቶች (በመንግሥት ገንዘብ፣ ግን በራሳቸው አስተዳደር የሚሠሩ) ናቸው፤ ማኅበር የሚገባው በአጋርነት ነው።

ገንዘቡ የዋዛ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 3 ቢሊዮን ዶላር ተመደበለት፤ በዓመቱ ተጨምሮበት ከ4 ቢሊዮን አለፈ። አብዛኛው ስለተከፋፈለ ግን አዲስ ማመልከቻ ከማሳደድ ይልቅ ልጆቻችሁ የሚማሩበት ትምህርት ቤት ድጎማው ደርሶት እንደሆነ መጠየቁ ይሻላል። ከደረሰው የድጎማውን አስተባባሪ አነጋግሩ።

ዋናው መግቢያችሁ የፍላጎት ዳሰሳው፣ ማለትም ትምህርት ቤቱ ምን እንደሚያስፈልግ በመጠይቅ የሚያጣራበት ሥራ ነው። ትምህርት ቤቱ ወላጆችን፣ ተማሪዎችንና መምህራንን ሳይጠይቅ ዕቅድ ማውጣት የለበትም። መጠይቁ በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ብቻ ከተበተነ፣ ሌሊት የምትሠራ አማርኛ ተናጋሪ እናት የልጇ ችግር ሒሳብ ይሁን የትራንስፖርት ማን ያውቅላታል? ስለዚህ ገንዘብ ስጡን ብላችሁ አትጀምሩ፤ መጠይቁን ተርጉመን፣ መልሱን ሰብስበን እናምጣ በሉ። እንግሊዝኛ ገና የሚማሩ 21 ልጆችና ከዚያ በላይ ያሉበት ትምህርት ቤት የእነርሱን ወላጆች የያዘ አማካሪ ኮሚቴ ማቋቋም ግዴታው ነው። እዚያ አንድ ሰው አስመርጡ።

ሌላም አለ፤ ድጎማውን የሚወስደው ወገን የገንዘቡን አንድ ሦስተኛ ያህል ከራሱ ማዋጣት አለበት፤ መዋጮው በአገልግሎትም ይሆናል። የምታቀርቡትን አዳራሽና የአስጠኚዎቻችሁን ሰዓት በጽሑፍ መዝግባችሁ ሂዱ፤ ርእሰ መምህሩ በጥሞና ያዳምጣችኋል።