ጠይቁን፦ መብራት ሲጠፋ የዓሣ ገንዳ ማጣሪያ ምን ይደረግ?

ስለ ቤት ውስጥ የዓሣ ገንዳ ከወሎ የደረሱንን አራት ጥያቄዎች እዚህ አንድ ላይ አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ ነው። 120 ሊትር የሚይዝ ገንዳ አለኝ፤ ማጣሪያው ከገንዳው ሥር የሚቀመጥ፣ ክዳኑ የሚታሸግ ዓይነት ነው። በቅርቡ መብራት ማታ ጠፍቶ ንጋት ላይ መጣ። ዓሦቹ ሌሊቱን ደህና አድረው ነበር። ማጣሪያው ሥራ ሲጀምር ግን የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ ወጣ፤ ከሰዓት በፊት ሦስቱ ሞቱ። መብራት ከመጣ በኋላ ለምን?

መልስ፦ የገደላቸው ማጣሪያው ውስጥ ታፍኖ ያደረው ውሃ ነው። ማጣሪያው ውስጥ ባሉት ስፖንጅና ሴራሚክ ላይ ተለጥፈው የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ዓሣው የሚያስወጣውን አሞኒያ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያ ጉዳቱ በጣም ወደሚያንስ ናይትሬት ይለውጡታል። ለዚህ ብዙ ኦክስጅን ይፈልጋሉ፤ በአሞኒያ ውስጥ ላለ 1 ግራም ናይትሮጅን ከ4 ግራም ተኩል ያላነሰ። ፓምፑ ሲቆም በታሸገው ዕቃ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ቶሎ ያልቃል። ያኔ ያለ ኦክስጅን የሚኖሩ ሌሎች ባክቴሪያዎች የተጠራቀመውን ቆሻሻ ማብላላት ይጀምራሉ። የሸተተዎት የእነሱ ውጤት የሆነው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው፤ ለዓሣ ብርቱ መርዝ ነው። መብራቱ ሲመለስ ፓምፑ ያንን ሁሉ በአንድ ጊዜ ገንዳው ውስጥ ለቀቀው።

ደሴ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ነው። 25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር 8 ሚሊግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ ደሴ ላይ ግን 6 ቢይዝ ነው። ስለዚህ ማጣሪያው ያለ መብራት ይህን ያህል ሰዓት ይቆያል የሚሉ የውጭ መመሪያዎችን እንዳሉ አይቀበሏቸው።

መብራት እንደጠፋ መጀመሪያ የማጣሪያውን ሶኬት ይንቀሉ፤ እርስዎ ሳያዩት በራሱ እንዳይነሳ። ቧንቧዎቹን ዘግተው ክዳኑን ይክፈቱ፤ ስፖንጁንና ሴራሚኩን በመረብ ከረጢት አድርገው ገንዳው ውስጥ ከውሃው ወለል ጥቂት ዝቅ አድርገው ያንጠልጥሉ። በየግማሽ ሰዓቱ ከገንዳው በጆግ እየቀዱ ከአንድ ስንዝር ከፍታ መልሰው ያንቆርቁሩ፤ ውሃው አየር የሚያገኘው በዚህ ነው። ምግብ አይስጡ።

ሌሊቱን ሙሉ በጆግ መቆም ስለማይቻል በዩኤስቢ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ይግዙ። 2 ዋት የሚወስድ ከሆነ 10,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት የሆነ ፓወር ባንክ አሥር ሰዓት ገደማ ያሠራዋል። አንዳንድ ፓወር ባንኮች ግን የሚወሰደው ኃይል ትንሽ ሲሆን ስልኩ ሞልቷል ብለው ራሳቸውን ያጠፋሉ። ስለዚህ ቀን ላይ ለሁለት ሰዓት አሠርተው ይሞክሩት።

ማጣሪያው ተዘግቶ ብዙ ሰዓት ከቆየስ? ሳይከፍቱ አያስነሱት። ውስጡ ያለውን ውሃ በሙሉ ይድፉ፤ ስፖንጁንና ሴራሚኩን ከገንዳው በቀዱት ውሃ አለቅልቀው ይመልሱ፤ ከዚያ ያስነሱት። ጠቃሚዎቹ ባክቴሪያዎች በአንድ ሌሊት ሁሉም አይሞቱም፤ ግን ይዳከማሉ። በቀጣዩ ሳምንት አሞኒያና ናይትራይትን በየቀኑ ይለኩ፤ አንዱ በሊትር ከ0.5 ሚሊግራም ካለፈ የገንዳውን ሲሶ ይቀይሩ፤ ምግቡንም በግማሽ ይቀንሱ። ከፍ ያለው ናይትራይት ከሆነ በሊትር 1 ግራም የገበታ ጨው በውሃ አሟሙተው ይጨምሩ፤ ጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ናይትራይት በስንጥቡ በኩል ወደ ዓሣው ደም እንዳይገባ ይከላከላል።

ምክራችንን በግልጽ እንንገርዎት፦ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ የታሸገ ማጣሪያ ብቻውን አይበቃም። በአየር ፓምፕ የሚሠራ የስፖንጅ ማጣሪያ ገንዳው ውስጥ ይጨምሩ። ዋጋው ርካሽ ነው፤ አየር ቢቋረጥም ስፖንጁ ክፍት ውሃ ውስጥ ስለሆነ እንደታሸገው አይታፈንም።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ነኝ። ማጣሪያውን በየሳምንቱ በቧንቧ ውሃ አጥርቼ አጥባለሁ። ባጠብኩ በሁለተኛው ቀን ግን ውሃው ነጭ ይሆናል፤ ዓሦቹም ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ። ምን ጎደለኝ?

መልስ፦ የጎደለዎት ነገር የለም፤ ንጽሕናው ነው የበዛው። በቧንቧው ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ሰው እንዳይታመም ባክቴሪያ እንዲገድል የተጨመረ ነው፤ ጠቃሚውን ከጎጂው አይለይም። ስፖንጁን ጨምቀው ጥርት ያለ ውሃ እስኪወጣ ሲያጥቡት ደግሞ ያ ቡናማ ዝልግልግ ነገር ይሄዳል፤ ባክቴሪያዎቹ የሚኖሩት እሱ ውስጥ ነው። ተራ ባክቴሪያ በደቂቃዎች ሲባዛ እነዚህ እጥፍ ለመሆን በተመቸ ሁኔታ እንኳ ግማሽ ቀንና ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። ሳይተኩ ሌላ እጥበት ይደርስባቸዋል፤ ውሃውን የሚያነጡት እነዚያ ተራዎቹ ናቸው።

ውሃ ሲቀይሩ ከገንዳው የወጣውን ውሃ በባልዲ ይያዙ። ስፖንጁን እዚያ ውስጥ ሦስት አራት ጊዜ ብቻ ጨመቅ አድርገው ይልቀቁ፤ ቡናማነቱ እንዳለ ይቆይ። ሴራሚኩን ነከር አድርጎ ማውጣት ይበቃል። ሁለት ስፖንጅ ካለዎት በአንድ ሳምንት ሁለቱንም አይንኩ። ጊዜውን የሚወስነው የቀን መቁጠሪያ አይደለም፤ ከማጣሪያው የሚወጣው ውሃ ሲቀንስ ያኔ ይጠቡ። ሳሙና፣ በረኪና፣ ሙቅ ውሃና ፀሐይ ላይ ማድረቅ ፈጽሞ አይሞከሩም። ወደ ገንዳው የሚጨምሩትን የቧንቧ ውሃ በሰፊ ዕቃ፣ ክፍቱን፣ ከተቻለ በአየር ፓምፕ እየናጡ አንድ ቀን ያሳድሩት።

ጥያቄ፦ ሐይቅ ከተማ ነኝ። አዲስ ገንዳ ለማስጀመር ከሐይቁ ዳር ጠጠርና ውሃ ባመጣ ባክቴሪያው አብሮ አይመጣም?

መልስ፦ ይመጣል፤ ግን አልቅት፣ ቀንድ አውጣና የዓሣ ጥገኛ ተውሳክም አብሮ ይመጣል። የሐይቁ ውሃ አልካላይ (የአሲድ ተቃራኒ) መሆኑም ይከብድዎታል። ይህን የሚለካው ቁጥር ፒኤች ይባላል፤ ከፍ ሲል ውሃው አልካላይ፣ ዝቅ ሲል አሲድ ይሆናል። ፒኤች 7 ላይ መርዛማው የአሞኒያ ክፍል ከ1 በመቶ በታች ነው፤ 9 ላይ ከሲሶ ያልፋል። ደሴ ጤነኛ ገንዳ ያለው ሰው ካወቁ ከማጣሪያው ግማሽ ስፖንጅ ይለምኑ። መንገዱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስፖንጁን ውሃ ውስጥ ነክረው አይጓዙ፤ እርጥብ እንደሆነ አየር በያዘ ከረጢት ይያዙት፤ በዚያው ቀን ማጣሪያዎ ውስጥ ያስገቡት። ስፖንጅ ካላገኙ ባዶውን ገንዳ እያሠሩ በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ይጣሉበት፤ 25 ዲግሪ ላይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል፤ ውሃው ከቀዘቀዘ ደግሞ ይረዝማል። አሞኒያና ናይትራይት ሁለቱም ዜሮ ሳይሆኑ ዓሣ አይግባ።

ጥያቄ፦ ወልዲያ ነኝ። ክረምቱን በሙሉ ከቆርቆሮ ጣራ ያጠራቀምኩትን የዝናብ ውሃ ነው የምጠቀመው፤ ክሎሪን የለውም ብዬ። ግን ሁለት ዓመት የሠራ ገንዳ ላይ አሞኒያ ታየ።

መልስ፦ ክሎሪን እንደሌለው ልክ ነዎት፤ ካርቦኔትም ግን የለውም። ባክቴሪያዎቹ አሞኒያን ሲለውጡ አሲድ ይፈጠራል፤ አሲዱን የሚያረግበው ካርቦኔት ካለቀ ፒኤች ይወርዳል፤ ከ6.5 በታች ሥራቸው ይዘገያል፤ ወደ 6 ሲጠጋ ለመቆም ይደርሳል። መጀመሪያ ፒኤችን ይለኩ። ዝቅ ካለ ለ100 ሊትር 3 ግራም የምግብ ሶዳ፣ ማለትም ከሻይ ማንኪያ ግማሽ ትንሽ ያለፈ፣ አሟሙተው በቀን አንዴ ብቻ ይጨምሩ። በአንድ ጊዜ ካበዙት ፒኤች ዘሎ ይወጣና ጉዳት ሳያደርስ የቆየው አሞኒያ ወደ መርዛማው ይለወጣል። ፒኤች 7 ሲደርስ ሶዳውን ያቁሙ፤ ከዚያ በኋላ የዝናቡን ውሃ ካደረ የቧንቧ ወይም ከጉድጓድ ውሃ ጋር እኩል እየቀላቀሉ ይጠቀሙ።