አከር የሚባለው ወረዳ የት ገባ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ
(ዓመተ ምሕረቶቹ ሌላ ካልተባለ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ የባለቤቴ አያት ኖርዌያዊ ነበሩ። እጃችን ላይ ያለው አሮጌ ወረቀት የትውልድ ቦታቸውን «አከር ሄረድ፣ 1912» ይላል። ካርታ ላይ ስፈልግ የማገኘው ኦስሎ ባሕር ዳር ያለውን አከር ብሪገ የተባለ የሱቅና የምግብ ቤት ሰፈር ነው። ልጆቻችን የዘር ሐረጋቸውን ማወቅ ይፈልጋሉ። ወረዳው አሁን አለ? መዝገቡንስ ከየት እናግኘው?
ከአራት ኪሎ

መልስ፦ እንደ አስተዳደር የለም፤ መሬቱ ግን ከነደኑ ከነሐይቁ ኦስሎ ውስጥ ነው። አከር ኦስሎን በየብስ በኩል ዙሪያውን ከቦ የኖረ የገጠር ወረዳ ነበር፤ በኖርዌይኛ «ሄረድ» የሚባለውም እንዲህ ያለው ነው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1948 ጀምሮ (በእኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 1940 ዓ.ም.) ከከተማው ጋር ተዋሐደ። በዚያን ዕለት የኦስሎ ስፋት ከ17 ካሬ ኪሎ ሜትር ወደ 453 ካሬ ኪሎ ሜትር ዘለለ። ዛሬ ኦስሎ ተብሎ ከሚጠራው መሬት አብዛኛው የቀድሞው አከር ነው ማለት ነው።

አከር ብሪገን ይተዉት። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በቦታው ከነበረውና በ1982 ከተዘጋው የአከር መካኒካል መርከብ ፋብሪካ ነው፤ የባለቤትዎ አያት የተወለዱበት ወረዳ አይደለም። ከመሐል ከተማው ብዙም የማይርቀው ጋምለ አከር የተባለው የ12ኛው ክፍለ ዘመን የድንጋይ ቤተ ክርስቲያንም በ1912 ከወረዳው ወሰን ውጭ ነበር።

የአዲስ አበባ ሰው ይህን ችግር ያውቀዋል፤ «ከፍተኛ» እና «ቀበሌ» የሚል አሮጌ መታወቂያ ይዞ የዛሬውን ክፍለ ከተማና ወረዳ እንደ መፈለግ ነው። ስለዚህ ከቦታው በፊት ዓመቱን ይያዙ። ከ1948 በፊት አከር ከነበረ መፈለግ ያለበት በአከር ስም ነው። ዲጂታልአርኪቬት የተባለው የኖርዌይ ብሔራዊ መዛግብት ድረ ገጽ ያለ ክፍያ ይሠራል፤ በእንግሊዝኛም ይነበባል። እዚያ የአከር መለያ ቁጥር 0218፣ የኦስሎ 0301 ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች አውራጃውን ያመለክታሉ፦ 02 አከርስሁስ፣ 03 ኦስሎ። ብዙ ሰው 0301ን ብቻ ፈልጎ «ስሙ የለም» ብሎ የሚተወው በዚህ ምክንያት ነው።

በ1912 ለተወለደ ሰው የሚቀናው በ1920ው ቆጠራ መጀመር ነው። ኖርዌይ የቆጠራ ቅጾችን የምትከፍተው 100 ዓመት ሲሞላቸው ስለሆነ ይህኛው የተከፈተው በ2020 መጨረሻ ነው። ልጁ የ8 ዓመት ገደማ ሆኖ ከእናት አባቱ ጋር በአንድ ቤት ተመዝግቦ ይገኛል። ከዚያ የወላጆቹን ስም ይዘው ወደ 1910፣ ቀጥሎ ወደ 1900 ይመለሱ። የ1910ሩ ቀንና ወር ጭምር የያዘ የልደት ቀን አለው፤ የ1900ው ለአዋቂዎች የትውልድ ዓመት ብቻ ይሰጣል፤ የ1865ቱ ደግሞ ዕድሜን ብቻ። በዕድሜ ላይ የአንድና የሁለት ዓመት ልዩነት ቢያዩ አይደንግጡ።

ቀጥሎ የጥምቀት መዝገቡ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ወረዳው አንድ ቢሆንም አጥቢያው ብዙ ነበር፦ ቬስትረ አከር፣ ኦስትረ አከር፣ ኡለርን፣ ኖርድስትራንድ፣ ግሩሩድና ሌሎችም። መዝገቡ በአጥቢያ ስም ስለሚቀመጥ «አከር» ብቻ ብሎ መፈለግ አይበቃም። ጸሐፊዎቹ ምዕራቡን በ«ቬ.»፣ ምሥራቁን በ«ኦ.» አሳጥረው ይጽፉ ነበር። ቆጠራው ላይ ያገኙት የእርሻ ወይም የቤት ስም የትኛው አጥቢያ እንደሆነ ይመራዎታል። ገጹን ሲያገኙ የልደትና የጥምቀት ቀን፣ የወላጆች ስም፣ የአባት ሥራ፣ መኖሪያና የክርስትና አባትና እናት ስሞች ተዘርዝረው ያያሉ። የክርስትና ወላጆቹን ስም ጽፈው ይያዙ፤ ብዙ ጊዜ አክስትና አጎት ናቸው።

ስሞቹ ራሳቸው ሊያሳስቱ ይችላሉ። የቆየው የኖርዌይ ገጠር ሰው እንደ እኛው በአባቱ ስም ይጠራ ነበር፤ «ሃንሰን» የሃንስ ልጅ ነው። በዚያ ላይ የሚኖርበትን እርሻ ስም ይጨምራል፤ እርሻ ሲቀይር ስሙም ይቀየራል። ቋሚ የቤተሰብ ስም በሕግ ግዴታ የሆነው በ1923 ነው። ስለዚህ ወንድማማቾች የተለያየ መጠሪያ ይዘው ቢገኙ ሌላ ቤተሰብ ነው ብለው አይለፏቸው። ከተማውም እስከ 1924 መጨረሻ ክሪስቲያኒያ ይባል ስለነበር ከዚያ በፊት በተጻፈ ወረቀት ላይ «ኦስሎ» አይጠብቁ።

የመንገድ አድራሻ ካለዎት የዛሬ ካርታ ላይ ሳያረጋግጡ አይመኑት። ሁለቱ አስተዳደሮች ተመሳሳይ የመንገድ ስሞች ስለነበሯቸው ከውሕደቱ በኋላ ብዙዎቹ ተቀይረዋል። የትምህርት ቤት፣ የግብርና የድሆች መርጃ ወረቀት ከፈለጉ ደግሞ የአከር ወረዳ ፋይሎች ያሉት በኦስሎ ከተማ መዛግብት ቤት ነው፤ በኢሜይል ሲጠይቁ የወረዳውን ስም፣ ዓመቱንና የእርሻውን ስም አንድ ላይ ይጻፉ።

ጥያቄ፦ ዋና ከተማ ሥር ያለ ቦታ እስከ 1948 ድረስ «ገጠር» ሲባል እንዴት ኖረ?
ከፒያሳ

መልስ፦ ገጠርነቱ በቤት ብዛት አልተለካም። የጃንዋሪ 14 ቀን 1837 ሕጎች እያንዳንዱ አካባቢ በምርጫ የሚቆም የራሱ ምክር ቤት እንዲኖረው አደረጉ፤ ከተሞችንና ገጠሩን ግን ለየብቻ አቆሙ። አከር ከ1838 መጀመሪያ ጀምሮ በገጠሩ ተመደበ።

ወሰኑ ያመጣው ውጤት እስከ ዛሬ በዓይን ይታያል። በከተማው ውስጥ እሳትን በመፍራት በጡብ ወይም በድንጋይ መሥራት ግዴታ ነበር፤ ድሃው ሠራተኛ ወሰኑን ተሻግሮ አከር ውስጥ በርካሽ የእንጨት ቤት ይሠራል። ከተማው እነዚህን ሰፈሮች በ1859 እና በ1878 ወደ ራሱ ጠቀለለ። ካምፐንና ቮለረንጋ የተጠቀለሉት በ1878 ነው፤ የጡብ ግዴታውም አብሮ ገባ። ዛሬ በእነዚያ ጎዳናዎች ላይ ዝቅ ያለ የእንጨት ቤትና ከፍ ያለ የጡብ ሕንፃ ጎን ለጎን ቆመው ያያሉ፤ የእንጨቶቹ አብዛኛዎቹ ከወሰኑ ለውጥ በፊት የተሠሩ፣ የጡቦቹ ደግሞ ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው። ካምፐን በ1879 በትልቅ ቃጠሎ መጎዳቱን ስናስብ ግዴታው ያለ ምክንያት አልነበረም።

የምርጫ መብትም በዚሁ መስመር ይለያይ ነበር። በ1901 ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በአካባቢ ምርጫ ሲሳተፉ መለኪያው ግብር የተከፈለበት ገቢ ነበር (የባል ገቢም ይቆጠራል)፦ በገጠር 300 ክሮነር፣ በከተማ 400። አከር ውስጥ ያለች ሴት በ350 ክሮነር ትመርጣለች፤ በወሰኑ ማዶ ያለችው ጎረቤቷ በተመሳሳይ ገቢ አትመርጥም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የቤት እጥረቱ ከባድ ነበር። ኦስሎ ወደ 286 ሺህ ሕዝብ ይዞ መሬት አልነበረውም፤ አከር ወደ 131 ሺህ ሕዝብና ሰፊ እርሻ ነበረው። ውሕደቱን የገፋው ይህ ነው። ላምበርትሴተር የተባለው አዲስ የመኖሪያ ሰፈር በ1950ዎቹ መጀመሪያ ተጀመረ፤ የምድር ባቡሩ በ1966 ደረሰለት። ማንግለሩድ፣ ትቬይታና ላምበርትሴተር የተባሉት የባቡር ጣቢያዎች የአከር እርሻዎች ስም ናቸው፤ ለዘር ሐረግ ፈላጊ ከፍተኛ ፋይዳ ያለው ነገር ነው።

ጥያቄ፦ የእኔ ወረቀት የሚለው «ስትሪንዳ» ነው። የጓደኛዬ ደግሞ «ሄትላንድ»። እነዚህም ኦስሎ ገቡ?
ከካዛንቺስ

መልስ፦ አልገቡም። ስትሪንዳ በ1964 ትሮንድሃይም ገብቷል። ፋና፣ አርና፣ ኦሳነና ላክሰቮግ የሚሉ ካጋጠሙዎትም በ1972 ወደ በርገን የገቡ ናቸው። በ1946 የተቋቋመው በኒኮላይ ሸይ የሚመራው ኮሚቴ ባጠናው መሠረት የኖርዌይ ወረዳዎች ከ744 ወደ 454 የወረዱት በእነዚያ ዓመታት ነው።

ሄትላንድ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ1965 ሲፈርስ አብዛኛው ወደ ስታቫንገር ሄደ፤ ሪስካ የተባለው ክፍል ግን ለሳንድነስ ተሰጠ። ጓደኛዎ ደብዳቤ ከመጻፋቸው በፊት የእርሻውን ስም ከቆጠራው ያውጡ፤ ሪስካ ውስጥ ከሆነ የሚጠይቁት ስለ ሳንድነስ እንጂ ስለ ስታቫንገር አይሆንም።