ፊልተር እያለ ለምን ታገድኩ? ስለ ጌም ቻትና ስድብ ጥያቄና መልስ

ስለ ጌም ቻት ሕጎች የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከጠበቅኩት በላይ መጣ። የብዙዎቹ ፍሬ ነገር አንድ ነው፦ ጌሙ ራሱ ስድብ የሚሸፍን ፊልተር ካለው ሕግ ምን አስፈለገ? ለዓመታት የቻት ተቆጣጣሪ ሆኜ ስለሠራሁ የማውቀውን ልመልስ። የሚመሳሰሉትን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። የጠቀስኳቸው ዓመተ ምሕረቶች፣ ወደ ታች ከምጠቅሰው የአገራችን አዋጅ ቁጥር በቀር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የጻፍኩት ስድብ በኮከብ ተሸፍኖ ነው የወጣው። ማንም አላነበበውም። ታዲያ ለምን ሦስት ቀን ታገድኩ?

ወንድሜ፣ ተሸፍኖ የታየው አንተ ስክሪን ላይ ነው። በብዙ ጌሞች ፊልተሩን እያንዳንዱ ተጫዋች ለራሱ ያበራዋል ወይ ያጠፋዋል። ሊግ ኦፍ ሌጀንድስ ላይ ለምሳሌ ሴቲንግ ገብቶ ማጥፋት ይቻላል። ያጠፋው ሰው የጻፍከውን እንዳለ ያነበዋል። የማይክሮሶፍቱ የጌም መጫወቻ ኤክስቦክስም ከ2019 ጀምሮ መልእክት ተቀባዩ የማጣሪያውን ደረጃ ራሱ እንዲመርጥ አድርጓል። ያለምንም ማጣሪያ ማንበብም ከምርጫዎቹ አንዱ ነው።

ደግሞስ ሁሉም ሰው ፊልተሩን ቢያበራው ምን ይለወጣል? «አንተ ****፣ ከቡድናችን ውጣልን» የሚል መስመር ሲመጣ ኮከቦቹ ሥር ምን እንዳለ ለመገመት ማንም አይቸገርም። ልጁ መሰደቡን ያውቃል። የቡድኑ ሰዎችም ያውቃሉ። ፊልተሩ ቃሉን ሸፈነ እንጂ ልጁ ላይ የተደረገውን አልሸፈነም። አንተም የተቀጣኸው ልጁ ላይ ባደረግከው ነው።

ጥያቄ፦ እንዲያ ከሆነ ፊልተሩን ለምን አያጠብቁትም?

ሲጠብቅ ንጹሑንም ይይዛል። በ1996 እንግሊዝ አገር የስካንቶርፕ ከተማ ነዋሪዎች ኤኦኤል የሚባለው የኢንተርኔት ኩባንያ ላይ አካውንት መክፈት አቅቷቸው ነበር። የከተማቸው ስም መሀል ላይ ጸያፍ የእንግሊዝኛ ቃል ስላለ ፊልተሩ አልቀበልም ብሎ ነው። እንዲህ ዓይነቱ ችግር እስከ ዛሬ በከተማዋ ስም ይጠራል።

እኛም ጋ አለ። «በሽታ» ብላችሁ በላቲን ፊደል ጻፉና መሀሉን ተመልከቱት። «ሽቶ»ም ያው ነው። ቃል ውስጥ ገብቶ የሚፈልግ ፊልተር ካጋጠማችሁ፣ ጓደኛችሁ ታሞ እንደቀረ ስትናገሩ ቻቱ በኮከብ ይሞላል። ስለዚህ ኩባንያዎቹ ሆን ብለው ያላሉታል። የሚያመልጠውን ሕጉና ሰው ይያዘው ብለው ነው።

ጥያቄ፦ በአማርኛ ብንሳደብስ? ፊልተሩ አማርኛ አይችልም።

አብዛኞቹ አይችሉም፣ እውነት ነው። ቢሞክሩም ከባድ ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ ድምፃቸው አንድ ነው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐም እንዲሁ። አንዱን ስድብ በፊደላችን ብቻ በስንት መልክ መጻፍ እንደሚቻል አስቡት። በላቲን ሲሆን ደግሞ ሁሉም በገዛ ስፔሊንጉ ነው የሚጽፈው። በዚያ ላይ ግሱ ለአንተ፣ ለአንቺ፣ ለእናንተ እያለ ይረባል። የቃል ዝርዝር ይዞ ይህን ሁሉ ማሳደድ አይቻልም።

ለዚህም ነው ሕጉ ለእኛ ይበልጥ የሚያስፈልገን። ፊልተሩ ካልረዳን የሚቀረን የተጫዋቹ ሪፖርትና ሪፖርቱን የሚያነብ ሰው ነው። «ማንም አይገባውም» ለምትሉ ደግሞ፣ ለተሰደበው ሰው ገብቶታል እኮ። እንዲገባው ብላችሁ አይደል በአማርኛ የተሳደባችሁት?

ከሁሉ የሚያሳስበኝ አንድም ጸያፍ ቃል የሌለበት ስድብ ነው። የብሔር ስም ስድብ አይደለም። የትኛውም ዝርዝር ውስጥ የለም፣ ሊኖርም አይገባም። ግን ቡድኑ ሲሸነፍ «እናንተ እኮ ድሮም…» ብሎ በብሔር የሚጀምር አለ። ፊልተሩ ያለ አንዲት ኮከብ ያሳልፈዋል። እንዲህ ሲባል አንድ ልጅ ወሬውን እንደጀመረ አቋርጦ፣ ማይኩን አጥፍቶ፣ ምንም ሳይመልስ ከሎቢ፣ ማለትም ተጫዋቾች ከጨዋታው በፊት ከሚሰበሰቡበት፣ ሲወጣ አይቻለሁ። የተናገረውን ልጅ ያለ ማስጠንቀቂያ ነው ያገድኩት፤ ዛሬም ቢሆን አደርገዋለሁ። አገራችንም የጥላቻ ንግግርን የሚከለክል አዋጅ አላት፣ ቁጥር 1185/2012። «ጌም ላይ ነው የተናገርኩት» ማለት ያድናል ብዬ አላምንም።

ጥያቄ፦ ማንንም ሳልነካ፣ ተናድጄ ዝም ብዬ ብሳደብስ? እኩል ነው የምቀጣው?

እኩል አይደለም፣ እኩል መሆንም የለበትም። ኤክስቦክስ በ2023 ያወጣው አሠራር ልዩነቱን በደንብ ያሳያል። ጸያፍ ቃል ብቻ ከሆነ 1 ነጥብ ይያዝብሃል። ሰውን ማስፈራራትና ማዋከብ 2፣ የጥላቻ ንግግር 3። እያንዳንዱ ነጥብ 6 ወር ይቆያል። 8 ከሞላ መልእክት መላላክና ከሌሎች ጋር ኦንላይን መጫወት ለ1 ዓመት ይዘጋብሃል። የገዛሃቸውን ጌሞች ግን አትነጠቅም። ሚዛኑ ደስ ይለኛል። ሌሎቹ ኩባንያዎች እንዲህ በቁጥር ቢያስቀምጡት ብዙ ክርክር በቀረልን ነበር።

ጥያቄ፦ ታዲያ ፉክክሩ የት ሄደ? ዝም ብለን ነው የምንጫወተው?

ማን ዝም በሉ አለ? ፎክሩ! ፉከራ የኛው ነው። የሚፎክር ሰው የራሱን ጀግንነት ነው የሚናገረው፤ ምን እንዳደረገና ምን እንደሚያደርግ። «ሦስታችሁንም ብቻዬን ነው የማወርዳችሁ» ብትል ማንም አያግድህም። ስለ ልጁ እናት ማውራት ስትጀምር ፉከራው አልቋል። የኮል ኦፍ ዲዩቲ ደንብም ጨዋታ ላይ መጎሻሸምን ይፈቅዳል። የሚከለክለው ሰውን በዘሩ፣ በጾታው፣ በማንነቱ ማጥቃትን ነው።

ጥያቄ (ከአንዲት እናት፣ አሜሪካ)፦ የ10 ዓመት ልጄ ሮብሎክስ ይጫወታል። ቻቱ ላይ #### የሚል በብዛት አያለሁ። ያ ሁሉ ስድብ ነው?

አይደለም፣ አይጨነቁ። የሮብሎክስ ፊልተር ስድብን ብቻ አይሸፍንም። ስልክ ቁጥር፣ አድራሻ፣ ልጁን ከጌሙ ውጭ ለማግኘት የሚያስችል ነገር ሁሉ በዚያ ምልክት ይተካል። እኔ እርስዎን ብሆን ####ን ያበዛው ማን እንደሆነ ነው የማየው። አንድ የማያውቁት ሰው ደጋግሞ ልጅዎን ሲያነጋግር እንዲህ እየተሸፈነበት ከሆነ ቁጥር ወይም ሌላ አካውንት ሊሰጠው እየሞከረ ሊሆን ይችላል። ያኔ ብሎክ ያድርጉት፣ ሪፖርት ያድርጉት፣ ልጁንም ሳይቆጡ ይጠይቁት። ከተቆጡት ሁለተኛ አያሳይዎትም። የእርስዎን አካውንት ከልጅዎ ጋር አገናኝተው ቻቱን መገደብም ይችላሉ።

ጥያቄ፦ በማይክ የተናገርኩትንስ ማን ይይዘዋል?

እሱም ይያዛል። ኮል ኦፍ ዲዩቲ በ2023 ቶክስሞድ የሚባል ድምፅ የሚያዳምጥ ሲስተም አስገብቷል፣ በእንግሊዝኛ ጀምሮ። ሲስተሙ ግን ሪፖርት ያቀርባል እንጂ አያግድም። ውሳኔው የኩባንያው ነው።

ጥያቄ፦ እኔና ጓደኞቼ በራሳችን የማይንክራፍት ሰርቨር ላይ ብንሳደብስ?

ከጁላይ 2022 ወዲህ፣ ከ1.19.1 ቨርዥን ጀምሮ፣ ማይንክራፍት የቻት ሪፖርት ማድረጊያ አለው። በዚያ የታገደ ሰው በግል ሰርቨርም ኦንላይን መጫወት አይችልም። ብዙ ተጫዋች በጣም ተቃውሞት ነበር። ተቃውሟቸው ይገባኛል፣ በገዛ ቤታቸው እንደተገባባቸው ነው የተሰማቸው። ሆኖም ጓደኛሞች እርስ በርስ ካልተካሰሱ ማንም አይመጣባቸውም። ከመካከላችሁ አንዱ ሪፖርት ካደረገ ቀልዱ ለእሱ ቀልድ አልነበረም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ተሰብስበው በውሸት ሪፖርት ቢያደርጉኝስ?

ቻቱን ሰው ካነበበው ብዛቱ ምንም አያመጣም። ሃያ ሰው ሪፖርት አድርጎ ስድብ ከሌለ፣ የለም።

ጥያቄ፦ ይግባኝ ስል ምን ልጻፍ?

አጭር አድርገው። «ፊልተር ሸፍኖታል» አትበል፤ በየቀኑ የምናነበው እሱን ነው። የተባለው ቀንና ጨዋታ የትኛው እንደሆነ ጥቀስ። በአማርኛ ጽፈህ ከሆነ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ከነትርጉሙ አስቀምጥ። አንብቦ የሚወስነው ሰው አማርኛ ላይችል ይችላል፣ ማሽን የተረጎመለትንም ሊያምን ይችላል። ከዚያ በፊት የተባባላችሁት ካለ ስክሪንሾቱን አያይዝ፣ ሳትቆርጥ።