በመጀመሪያ ጉድጓዱን፣ ከዚያ በሩን

ጤና ይስጥልኝ እህቴ። ጥያቄዎን ያነበብኩት ትናንት ማታ ቢሆንም ረጋ ብዬ መጻፍ ስለፈለግሁ እስከ ዛሬ ጠዋት አቆየሁት። ከአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ወጥታችሁ እዚህ ጅማ፣ ጊንጆ አካባቢ ሰፊ ግቢ ያለው ቤት መከራየታችሁን፣ የ4 ዓመቱ ወንድ ልጅዎና የ2 ዓመት ተኩሏ ሴት ልጅዎ ከቤት በወጡ ቁጥር ልብዎ እንደማያርፍ፣ ባለቤትዎ ግን «እኛም እንዲሁ ነው ያደግነው፤ ልቀቂያቸው» እንደሚሉዎት ጽፈዋል። ልዝጋባቸው ወይስ ልልቀቃቸው ብለው ጠይቀዋል፤ አብራችሁ የምትኖረው የ17 ዓመት የእህትዎ ልጅ ብቻዋን ልትጠብቃቸው ትችል እንደሆነም ጠይቀዋል። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ለ19 ዓመታት በግንባታ ፎርማንነት የሠራሁና ሦስት ልጆች እዚሁ ጅማ ያሳደግሁ አባት ነኝ፤ የምጽፈውም ከዚሁ ተነሥቼ ነው።

አይዝጉባቸው። ባለቤትዎ የተናገሩት ግማሹ እውነት ነው፤ ልጅ ካልሮጠ፣ ካልወደቀና ካልተንጠላጠለ ሰውነቱን መቆጣጠር አይማርም። ሌላው ግማሽ ግን የእኛ ዘመን ግቢና የዛሬው ግቢ አንድ አለመሆናቸው ነው። በእኛ ልጅነት መንደር ውስጥ ባጃጅ አልነበረም፤ በየአጥሩ ሥር የተጀመረ ግንባታም እንደ ዛሬው አልበዛም። ስለዚህ ከመልቀቅዎ በፊት ግቢውን ያዘጋጁት፤ ከግቢውም ከሁሉ በፊት ጉድጓዱን።

ይህን የምለው በራሴ ጥፋት ስለተማርኩት ነው። 2008 ዓ.ም. ሐምሌ ውስጥ የራሴን ግቢ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ አስቆፍሬ፣ ሶሌታውን፣ ማለትም የኮንክሪት ክዳኑን፣ ዝናቡ ጋብ ሲል እሞላዋለሁ በማለት አፉን በሁለት አሮጌ ቆርቆሮ ከድኜ በየጠርዙ ድንጋይ ጫንኩበት። የሌላ ሰው ሳይት ላይ እንዲህ ያደረገ ሠራተኛ ባገኝ ኖሮ በዚያው ቀን አሰናብተው ነበር። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስበን በረንዳ ላይ ቡና እንጠጣለን፤ አዋቂዎች ሰባት ነበርን። ሁለተኛው ጀበና ከመቅረቡ በፊት ያን ጊዜ ሦስት ዓመት ያልሞላት ልጄ መጥታ ሱሪዬን ሳብ አድርጋ «ኳሱ ጠፋ» አለችኝ። ስለ ወንድሟ አንዳች አልተናገረችም። ቀና ብዬ ሳይ አንደኛው ቆርቆሮ ወደ አንድ ጎን ተንሸራቷል፤ ጫፉ ላይ አንድ ሰማያዊ የላስቲክ ጫማ ተገልብጦ ቀርቷል። የአራት ዓመቱ ልጄ ከታች፣ ደረቱ ድረስ በደረሰ የዝናብ ውኃ ውስጥ ቆሞ፣ ጭቃውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ላይ ያየኛል። አላለቀሰም፤ አልጮኸም። መሰላል አውርጄ አወጣሁት፤ በክንዱ ላይ ካለው ጭረት በቀር ምንም አልሆነም። ውኃው አንድ ክንድ ቢጨምር ኖሮ ይህን መልስ የምጽፍልዎ እኔ አልሆንም ነበር።

እንግዲህ ወደ ግቢዎ ልመለስ። እንደ ብዙው የጅማ ግቢ ከሆነ ሁለት ወይም ሦስት ጉድጓድ ይኖረዋል፦ የውኃ ጉድጓድ፣ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ፣ ምናልባትም ከአሁኑ ቤት በፊት የነበረ የአሮጌ ሽንት ቤት ጉድጓድ። የመጨረሻውን አከራይዎን በግልጽ ይጠይቁ፤ አፈር ለብሶና ሣር በቅሎበት የሚታይ ምልክት ላይኖረው ይችላልና። የውኃውን ጉድጓድ አፍ እኔ ስሠራ ከመሬት 80 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ብሎ እንዲገነባ፣ በላሜራ ክዳን እንዲዘጋና ጓጉንቸር እንዲገባበት አደርጋለሁ። ከዚያ በኋላም ጀሪካን፣ የተገለበጠ ባልዲ ወይም ድንጋይ አጠገቡ እንዳይቀመጥ እከለክላለሁ፤ የአራት ዓመት ልጅ መወጣጫ ካገኘ ግንቡ ለእሱ ከፍታ መሆኑ ይቀራል።

የፍሳሽ ጉድጓዱ ክዳን ፌሮ የገባበት፣ ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው የኮንክሪት ሶሌታ ሊሆን ይገባል። ቆርቆሮ ክዳን አይደለም። እንጨትም እንዲሁ፤ በጅማ እርጥበት እንጨት የሚበሰብሰው ከታች ከጉድጓዱ በኩል ስለሆነ ከላይ ሲያዩት ጤነኛ መስሎ ይታያል። ቆመውበት አይሞክሩት፤ ከዳር ሆነው ጫፉን በፌሮ ብረት ወጋ ያድርጉት፣ ብረቱ ከገባ አልቆለታል። ከጉድጓድ ጉዳይ ሳልወጣ አንድ ነገር አጥብቄ ላሳስብዎ። በፍሳሽ ጉድጓድ ወይም ለብዙ ጊዜ ተዘግቶ በቆየ ጉድጓድ ውስጥ መርዛማ ጋዝ ይጠራቀማል፣ የሚተነፈስ አየርም ያንሳል፤ የወደቀውን ላወጣ ብሎ ዘሎ የሚገባው ሁለተኛ ሰው እዚያው ራሱን ስቶ የሚቀርበት አደጋ በእኛ ሙያ የታወቀ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ ገመድ ወይም መሰላል ከላይ ይላክ እንጂ ማንም አይውረድ፤ ጩኸትዎን ያሰሙና ሰው ይሰብስቡ።

ተከራይ መሆንዎ እንዲያዘገይዎ አይፍቀዱ። አከራዩ ወጪውን ከኪራይ እንዲያስቡልዎ ይነጋገሩ፤ እስኪሠራ ድረስ ደግሞ ዙሪያውን በአጠና ይከልሉት። ሲከልሉት በአጠናዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከ10 ሴንቲሜትር ይነስ፣ የሕፃን ጭንቅላት እንዳይሾልክ። ማገሩ በጉድጓዱ በኩል ይመታ፤ አናጢዎች ለማየት እንዲያምር ብለው ማገሩን በውጭ በኩል ሲያደርጉት ለልጅ መሰላል ሠርተው መሄዳቸው ነው።

ከጉድጓዱ ቀጥሎ የሚያሳስበኝ ትንሹ ውኃ ነው። ጅማ በዓመት በአማካይ 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ያገኛል፤ ከሚያዝያ እስከ መስከረም በአሸንዳው ሥር የተቀመጠ በርሜል ባዶ የሚሆንበት ቀን ጥቂት ነው። የሴት ልጅዎ ዕድሜ ላይ ያለ ሕፃን ጭንቅላቱ ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ከባድ ስለሆነ፣ በባልዲ ወይም በሳፋ ላይ አጎንብሶ ሚዛኑን ከሳተ መልሶ መነሣት ያቅተዋል፤ አፍንጫና አፉን የሚሸፍን 5 ሴንቲሜትር ያህል ውኃ ይበቃዋል። ይህ ሁሉ ያለ ድምፅ የሚሆን ነገር ነው። የልብስ ማጠቢያው ሳፋ ሥራው እንዳበቃ ይደፋ፣ በርሜሉም ክዳን ይኑረው። ከውኃ የወጣ ልጅ ካልተነፈሰ፣ በእኛ ሰፈር አሁንም እንደሚደረገው ቁልቁል ዘቅዝቆ ውኃ ለማስወጣት መሞከር ጊዜ ከማባከን በቀር የሚረዳው የለም፤ ወዲያውኑ ትንፋሽ መስጠትና ደረቱን መጫን ነው የሚያስፈልገው። ይህን ከጽሑፍ መማር ስለማይቻል የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና የሚያገኙበትን አጋጣሚ አያሳልፉ፤ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ይሰጣል። አዌቱ ወንዝ ዳር መጫወትን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው፤ ልጆቹ አይሂዱ። ጎርፉ አንድ ነገር ነው፤ በተጨማሪም ቢልሃርዝያ ቀንድ አውጣ ካለበት ውኃ በቆዳ በኩል ነው ወደ ሰውነት የሚገባው፤ ባይጠጡትም መንቦራጨቁ ብቻ በቂ ነው።

ጥበቃውን በሚመለከት፣ ያን ዕለት ሰባታችንም ልጆቹን አንዳችን ያያቸዋል ብለን አስበን ነበር። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ልጆች ውጭ ሲሆኑ አንድ ተረኛ አለ። የግቢው በር ቁልፍ ቀይ ክር ታስሮበታል፤ ቁልፉ እጁ ላይ ያለ ሰው ተረኛ ነው፤ ስልክ አይነካካም፣ ቡና አይቀዳም። መነሣት ሲፈልግ ቁልፉን ለሌላው ያስረክባል፤ ሲያስረክብም «ልጆቹን ተረክበሃል» ብሎ በአፉ ይናገራል፣ ተቀባዩም «ተረክቤያለሁ» ይላል። ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ የወታደር ቤት አደረግከው ብላ ስቃብኝ ነበር። አሁን እንግዳ በሚበዛበት በዓል ቀን ከሁሉ አስቀድማ ቁልፉን የምትፈልገው እሷ ናት።

የግቢው በር መዘጋት አለበት፤ ምክንያቱ መንገዱ ነው። ከ9 ወይም 10 ዓመት በታች ያለ ልጅ የሚመጣን ተሽከርካሪ ፍጥነትና ርቀት በትክክል አይገምትም፤ ባጃጅ ደግሞ ትንሽ ስለሆነች ሩቅ ያለች ትመስለዋለች። ወንድ ልጅዎን «መኪና ሲመጣ ዞር በል» ብሎ ማስተማር ስለዚህ ብዙ አይጠቅምም፤ የሚጠቅመው ኳስ ከበር ውጭ ሲወጣ ልጅ ሳይሆን ተረኛው እንደሚያመጣው ማስለመድ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ቡና ሲለቀም በየግቢው ጀንፈል (ከነገለባው ያለ ቡና) እንዲደርቅ ይሰጣል፣ አይሱዙውም እስከ በር ድረስ ወደ ኋላ እየሄደ ይገባል። ሾፌሩ ከኋላው የቆመ ቁመተ አጭር ሕፃን በስፖኪዮ አይታየውም። ጎረቤትዎ ቡና የሚያስጭን ከሆነ በዚያች ሰዓት ልጆቹን እጃቸውን ይዘው ቤት ያስገቧቸው።

ውሻን አስመልክቶ ሰዎች ከመነከሱ ይልቅ ስለ ውሻው ይከራከራሉ፤ የማን እንደሆነ፣ አብዶ እንደሆነ። እርስዎ መጀመሪያ ቁስሉን በሳሙናና በወራጅ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ በሰዓት ለክተው ይጠቡት፤ በርበሬም ሆነ የቡና ዱቄት አይነስንሱበት፤ ከዚያም በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በፊት ግን ክትባቱ ይከላከለዋል። ጭረትም፣ በቆሰለ ቆዳ ላይ መላስም እንደ ንክሻ ይቆጠራል። ልጆች የሚደብቁት ደግሞ ይህንኑ ነው፤ ውሻውን ድንጋይ ወርውሬበት ነው ብሎ መገረፍን ስለሚፈራ ዝም የሚል ልጅ አለና፣ እንዲህ ያለ ነገር ነግሮኝ ቅጣት እንደሌለበት ለራሴ ልጆች ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ።

ዕፅዋቱን በአጭሩ ላንሣ። በአጥሩ ሥር ጉሎ ወይም አጤ ፋሪስ ካገኙ ከሥሩ ነቅለው ያስወግዱ፤ የጉሎ ፍሬ ዝንጉርጉርና ለስላሳ ስለሆነ ልጆች ለዕቃ ዕቃ ጨዋታ ይለቅሙታል፣ ከታኘከ ግን መርዝ ነው። በረኪና ወይም ነጭ ጋዝ በሃይላንድ ጠርሙስ አያስቀምጡ። የቀረውን ለማግኘት አንድ ጠዋት ተንበርክከው ግቢውን ይዙሩት፤ የሚያይዎ ጎረቤት ቢስቅም ግድ የለም። እኔ እንዲህ ስዞር ቆሜ ለዓመታት ያላየሁትን ከአጥሩ ቆርቆሮ ታችኛ ጠርዝ የወጣ የዛገ ሚስማር በልጄ ዓይን ትክክል አግኝቼዋለሁ።

ይህ ከተደረገ በኋላ ይልቀቋቸው። ግቢዎ የዘይቱን ዛፍ ካለው ልጆቹ ይውጡበት፤ ከሥሩ ድንጋይ አንሥተው አንድ ጋሪ አሸዋ ያስደፉበት፣ ማታ ማታም ድመት እንዳያበላሸው በላስቲክ ይሸፍኑት። ልጅዎ ቅርንጫፍ ላይ እያለ «ትወድቃለህ!» ብለው አይጩኹበት፤ ዞሮ ሲያይዎ ነው እግሩ የሚስተው። «እግርህን የት ልታሳርፍ ነው?» ብለው ይጠይቁት። የጎረቤቶችንም ቤት አንድ በአንድ ዞረው ልጆቹን ያስተዋውቁ። ልጆችዎ ከአዲስ አበባ ስለመጡ አፋን ኦሮሞ ባይችሉ እንኳ «ኮቱ» ሲባሉ ና ወይም ነይ መባላቸውን ይወቁ፤ ከመንገድ ዳር የሚጠራቸው ሰው ብዙውን ጊዜ በዚያ ቋንቋ ነው የሚጠራቸው።

የእህትዎን ልጅ በተመለከተ፣ በ17 ዓመቷ ሁለት ልጆች መጠበቅ ትችላለች፤ የማትችለው እየሠራች መጠበቅን ነው። ልብስ እያጠበች ወይም እንጀራ እየጋገረች ዓይንሽን ከልጆቹ ላይ አትንቀይ ማለት በእሷ ላይ መፍረድ ነው፤ ምጣዱ ከጋለ እንጀራው ያርርባታል፣ ዓይኗም ወደዚያው ይሄዳል። የምትጋግረው ሐሙስ ጠዋት ከሆነ ሐሙስ ጠዋት ቁልፉን ሌላ ሰው ይያዘው፤ ሌላ ሰው ከሌለ ደግሞ ምጣዱ እስኪወርድ ድረስ ልጆቹ ቤት ውስጥ ይቆዩ።