«የለም» እና «አላየሁም»

ልጆቼ፣ ፅኑ ሕሙማን ክፍል ሥራ የጀመራችሁ ሁሉ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው።

በቬንቲሌተር (በመተንፈሻ ማሽን) የሚተነፍስ፣ በማደንዘዣ የተኛ ሰው ራሴን አመመኝ አይላችሁም። ሲቲ ስካን ለማንሳት ደግሞ ከነኦክስጅኑ፣ ከነመድኃኒቱ መንቀሳቀስ አለበት። የአንጎሉን የደም ፍሰት የምናይበት አልትራሳውንድ ግን አልጋው ድረስ ይመጣል። ልብ የምናይበትን ፕሮብ (ቆዳ ላይ የሚያርፈውን የማሽኑን ክፍል) ከጆሮ ፊት ለፊት፣ ከጉንጭ አጥንት ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። እዚያ ጋ የራስ ቅሉ ስስ ስለሆነ ድምፁ ያልፋል፤ «መስኮት» የምንለው ይህን ነው። ተመራማሪው ሩነ አስሊድ በ1982 በፈረንጆቹ በ2 ሜጋኸርዝ ድምፅ የአንጎልን የደም ፍሰት ያሳየው በዚያው መስኮት ነው።

ችግሩ፣ መስኮቱ ሁሉም ሰው ላይ አይከፈትም። በተለይ በዕድሜ የገፉ ሴቶች ላይ።

ይህን የተማርኩት ደሴ ላይ፣ በአንድ ብርዳም ሌሊት ነው። ከሐይቅ የመጡ እናት ነበሩ። ሁለቱንም ጎን ፈለግሁ፣ ምንም የለም። ቻርቱ ላይ «የደም ፍሰት የለም» ብዬ ጻፍኩ። ኮሪደር ላይ ለምትጠብቀው ልጃቸው ልነግር ስነሳ ነርሷ ክንዴን ያዘችኝ። «ዶክተር፣ የእማማ ብሌን እኮ ለመብራት ይሰበሰባል።» ደም የማይደርሰው አንጎል ይህን አያደርግም። ተመልሼ ተቀመጥኩ። የማሽኑን ኃይል ዝቅ አድርጌ፣ በተዘጋው ዓይናቸው ላይ ጄል ቀብቼ፣ ሳልጫን ፈለግሁ። ሹ... ሹ... ሹ... ደሙ ይሄዳል። የጠፋው መስኮቱ ነበር እንጂ ፍሰቱ አልነበረም። እጄ ተንቀጠቀጠ። ስወጣ ልጅቷ ፊቴን አይታ «አብሽሩ ዶክተር» አለችኝ። እኔን ነው የምታጽናናው! እስከዛሬ ስጽፍ ይሰማኛል።

ስለዚህ ካላገኛችሁ «መስኮት አላገኘሁም» ብላችሁ ጻፉ። አንድ ቃል ነው፣ ግን የሰው ነፍስ አለበት።

ቁጥሩ ሲመጣም አትቸኩሉ። በአዋቂ ሰው መካከለኛው የአንጎል ደም ቅዳ ቧንቧ ውስጥ የደሙ አማካይ ፍጥነት በሴኮንድ 55 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ደም ማነስ ያለበት ሰው ግን ይፈጥናል። ቬንቲሌተሩ አብዝቶ ካስተነፈሰው ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወርድና ፍጥነቱም ይቀንሳል። መጀመሪያ ግፊቱን፣ ደሙን፣ ትንፋሹን እዩ። የዛሬውን ከራሱ ከትናንቱ ጋር አስተያዩ፤ ከመጽሐፉ ቁጥር ይልቅ እኔ የምተማመነው በዚህ ነው።

የዓይን ነርቭ ሽፋንም ይለካል፣ ከዓይን ኳሱ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ። ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ካለፈ የራስ ቅል ውስጥ ግፊት መጨመሩን ጠርጥሩ። ዓይኑ የተጎዳ ከሆነ ግን አትንኩት።

ጥሩ መስኮት ያገኛችሁ ቀን ደግሞ ቆዳው ላይ በእስክሪብቶ ነጥብ አድርጉበት። የሌሊት ተረኛው ሲመጣ ፕሮቡን እዚያው ላይ ያስቀምጥ።