በሌዘር ብቻ የዛፍ ዝርያ መለየት ይቻላል?

ጠያቂዋ እህታችን በአውሮፕላን የተቀዳ የሌዘር (የላይዳር) መረጃ እንዳገኘሽ ጽፈሻል። ደኑ የሐበሻ ጥድ፣ ዝግባና ወይራ ያለበት የተፈጥሮ ደን ነው። ያለ ፎቶ፣ በሌዘሩ ብቻ ዝርያዎቹን መለየት ይቻላል ወይ ነው ጥያቄሽ። በከፊል ይቻላል። የዛፉን ቁመት ሌዘሩ በደንብ ይሰጥሻል፤ ዝርያው ላይ ግን ሥራው ይከብዳል። ፊንላንድ ውስጥ በዚሁ ሥራ ላይ ስለቆየሁ ያየሁትን ልንገርሽ።

እዚህ አገር ነገሩ የሚቀለው ዝርያው ጥቂት ስለሆነ ነው። ደኑ በአብዛኛው ፓይንና ስፕሩስ የተባሉት የጥድ ዓይነቶች፣ እንዲሁም ቅጠሉን የሚያረግፈው በርች ነው። ስፕሩስ አናቱ ሹል ነው፣ ቅርንጫፉም ወደ ታች ድረስ ይወርዳል። ያደገ ፓይን ግን ግንዱ ራቁቱን ወጥቶ ቅጠሉ ከላይ ብቻ ይሰበሰባል። የሌዘሩ ነጥቦች (ጨረሩ ቅጠልና ቅርንጫፍ ነክቶ የተመለሰባቸው ቦታዎች) የትኛው ከፍታ ላይ እንደበዙ አይተሽ ብዙውን መለየት ትችያለሽ። በርችን ደግሞ ወቅቱ ያጋልጠዋል። ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ ከተበረረ ብዙው ጨረር አልፎት ወደ መሬት ይወርዳል።

ያንቺ ደን ላይ ይሄ የወቅት ዘዴ አይሠራም። ጥዱም፣ ዝግባውም፣ ወይራውም ዓመቱን ሙሉ ለምለም ናቸው። መተማ አካባቢ የዕጣን ዛፍ ቢሆን ኖሮ በበጋ ቅጠሉን ስለሚያራግፍ ነገሩ ሌላ ነበር። ቅርጹንም ብቻ አትመኚ። የሐበሻ ጥድ በወጣትነቱ ሹል ነው፣ ሲያረጅ ግን ይዘረጋል።

ተመልሶ የሚመጣው ጨረር ጥንካሬም ይረዳል። ነገር ግን መሣሪያው ከዛፉ ባለው ርቀት ስለሚቀያየር መጀመሪያ አስተካክዪው።

ከሁሉ በላይ ልብ እንድትዪልኝ የምፈልገው የመሬት ልኬቱን፣ ማለትም ጫካ ገብተሽ የየዛፉን ዝርያና ቦታ የምትመዘግቢበትን ሥራ ነው። ብዙ ተማሪ ሶፍትዌሩ ላይ ይደክማል፤ ሥራው የሚበላሸው ግን ጫካው ውስጥ ነው። ጥቅጥቅ ያለ ቅጠል ሥር የስልክ ጂፒኤስ በብዙ ሜትር ሊስት ይችላል። የዛፉ አናት ስፋት አራት ሜትር ከሆነ፣ አንቺ «ወይራ» ብለሽ የመዘገብሽው ነጥብ ጎረቤቱ ጥድ ላይ ያርፋል። ኮምፒውተሩም ጥዱን ወይራ ብሎ ይማራል። ስለዚህ የናሙናውን ቦታ (ዛፎቹን የምትለኪበትን ቁራጭ መሬት) መሀል በጥሩ መሣሪያ፣ ረጋ ብለሽ ለኪ። ከዚያ ወደ እያንዳንዱ ዛፍ ያለውን ርቀትና አቅጣጫ በሜትርና በኮምፓስ ያዢ። ቁመቱንም መዝግቢ። ቢሮ ስትመለሺ የዛፎቹን ካርታ ከነጥቦቹ ጋር ደርበሽ፣ ረጅሙ ከረጅሙ፣ አጭሩ ከአጭሩ እስኪገጥም ድረስ በእጅሽ አስተካክዪው። አሰልቺ ነው፣ ግን ይህን የሚተካ ነገር አላገኘሁም።

ውጤትሽን ስትለኪም ጠቅላላውን ፐርሰንት አትይዢ። ከደኑ 80 በመቶው ጥድ ከሆነ፣ ሁሉንም «ጥድ» ብሎ የሚጠራ ሞዴልም (ከናሙናሽ የተማረው የኮምፒውተር ፕሮግራም) 80 በመቶ ያገኛል። ወይራውን ለብቻው፣ ዝግባውን ለብቻው ስንቱን እንደለየ እዪ። መፈተኛውንም ሞዴሉ ካልተማረባቸው ቦታዎች ውሰጂ እንጂ ከአንድ ቦታ ዛፎች ግማሹን ለትምህርት ግማሹን ለፈተና አትክፈዪ።

እኔ ብሆን መጀመሪያ ጥዱን ከሌሎቹ ሁለቱ ለመለየት ብቻ እሞክር ነበር። እሱ ከተሳካ ብቻ ዝግባና ወይራን እለያለሁ፤ ለዚያም የአየር ፎቶ ወይም የሳተላይት ምስል ብትጨምሪ ይሻላል። በካሬ ሜትር ስንት ነጥብ እንዳለሽ ጻፊልን። ከአምስት በታች ከሆነ ዛፍ በዛፍ መለየቱን ትተሽ በናሙና ቦታ ደረጃ የዝርያውን ድርሻ መገመቱ ይሻልሻል።